ኤሌክትሮንን በኮምፒውተር ለማስላት የትኛውን የኳንተም እኩልታ እንምረጥ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የድኅረ ምረቃ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ የፊዚክስ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ፦ «የኤሌክትሮኑን ሲሙሌሽን በሽሮዲንገር እኩልታ ልሥራው ወይስ በዲራክ?» ሁለቱም ኤሌክትሮንን እንደ ሞገድ የሚገልጹ የኳንተም እኩልታዎች ናቸው፤ ዲራክ ግን አንጻራዊነትን፣ ማለትም ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲቀርብ የሚመጣውን ለውጥ፣ ይጨምራል። ከጥያቄው ጀርባ ብዙ ጊዜ ስጋት አለ። ዲራክ የኋለኛውና የተሟላው ስለሆነ ሽሮዲንገርን የመረጠ ሰው ከባዱን ሸሽቶ ቀላሉን የያዘ ይመስለዋል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ስጋት መሠረት እንደሌለው ስለማምን ነው። እኩልታ በዝናው አይመረጥም። ጥያቄያችሁ የሚፈልገውን ነገር ሁሉ መያዝ አለበት፤ ከዚያ በላይ የሚሸከመው ግን በኮምፒውተር ሰዓትና በራም ይከፈላል። ለቀርፋፋ ኤሌክትሮን የዲራክን እኩልታ ማስላት የመንዝ ባና ደርቦ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ እንደ መውረድ ነው፤ ባናው ምንም አልጎደለውም፣ ቦታው ግን አይደለም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነምፓይና ሳይፓይ ከተባሉ የስሌት ጥቅሎቹ ጋር፣ ብዙ ኤሌክትሮኖች ላሉበት ሥራ ደግሞ ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ፕሮግራም። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። ወደ መሐል ሜዳም ሆነ ወደ አንኮበር የምትሄዱ ከሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ከነመመሪያዎቻቸው አውርዳችሁ ያዙ። ከዚያ በኋላ ወረቀትና እርሳስ አንሡ፤ ምርጫው ማለቅ ያለበት ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት ነው።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«የኤሌክትሮንን ባሕርይ ማጥናት» የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ ምንም እኩልታ አይመርጥላችሁም። «10 ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ያለው ኤሌክትሮን፣ ቁመቱ 12 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ውፍረቱ 0.2 ናኖ ሜትር የሆነ የፖቴንሻል ግድግዳ ሲገጥመው የማለፍ ዕድሉ ስንት በመቶ ነው?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው። በውስጡ የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር፣ ኢነርጂው፣ ርዝመቱና የሚፈለገው መልስ አሉ። ማግኔታዊ መስክ እንደሌለም ከዝምታው ይታወቃል።

ከጎኑ ምን ያህል ስህተት መታገሥ እንደምትችሉ ጻፉ፦ አንድ በመቶ፣ አንድ ሺኛ፣ ወይም ሌላ። ይህን ቁጥር ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ቁጥር አድርጌ አየዋለሁ። አንድ እኩልታ የሚተወው ነገር ከዚህ ቁጥር ካነሰ እኩልታው ለእናንተ ሥራ ትክክለኛ ነው፤ ከበለጠ ደግሞ ማንም ይጻፈው ማን አይበቃችሁም።

2. ኤሌክትሮኖቹን ቁጠሩ

ስለ ሽሮዲንገርና ዲራክ ከመከራከር በፊት ይህ ይቅደም። የሞገድ ፋንክሽን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የት የመገኘት ዕድል እንዳለው የሚነግረን ፋንክሽን፣ የሚኖረው በሦስቱ የቦታ አቅጣጫዎች ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ሦስት አቅጣጫዎች ይጨመሩበታል። በእያንዳንዱ አቅጣጫ 100 ነጥቦች ያሉት ፍርግርግ እንውሰድ። ለአንድ ኤሌክትሮን አንድ ሚሊዮን ነጥቦች ይሆናሉ፤ አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር 16 ባይት ስለሚይዝ 16 ሜጋ ባይት ይበቃል። ለሁለት ኤሌክትሮኖች ነጥቦቹ አንድ ትሪሊዮን፣ ራሙም 16 ቴራ ባይት ይሆናል። ለሦስት ኤሌክትሮኖች ደግሞ የዚህ ሚሊዮን እጥፍ። ሊትየም ሦስት ኤሌክትሮኖች ብቻ ያሉት ትንሽ አቶም መሆኑን አስታውሱ። በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ኮምፒውተር ይህን በዚህ መንገድ አይሸከመውም።

ስለዚህ ውሳኔው እንዲህ ይሁን። ኤሌክትሮኑ አንድ ከሆነ እኩልታውን በቀጥታ ፍቱት። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚንቀሳቀሱ ከሆነም በቀጥታ ይቻላል፤ ለሦስት ኤሌክትሮኖች በየአቅጣጫው 500 ነጥብ ብንወስድ 2 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ በ8 ጊጋ ባይት ላፕቶፕ ይጠባል እንጂ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን የፓውሊን የማግለል ሕግ ራሳችሁ ማስገባት ይኖርባችኋል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ስፒናቸው፣ ማለትም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሆነው ውስጣዊ ማግኔታዊ ባሕርያቸው፣ አንድ ዓይነት ሲሆን የቦታ ፋንክሽናቸው ቦታ ሲለዋወጡ ምልክቱን መቀየር አለበት። የጀመራችሁበት ፋንክሽን ይህን ካላሟላ ኮምፒውተሩ ያለ ተቃውሞ የሌላ ዓለም ቅንጣት ያሰላላችኋል።

ከዚያ በላይ ለሆነ ቁጥር መንገዱን የከፈቱት ፒየር ሆሄንበርግና ዋልተር ኮን እ.ኤ.አ. በ1964፣ ኮንና ሉ ሻም ደግሞ በ1965 ናቸው። ሐሳባቸው የብዙ ኤሌክትሮኖችን የረጋ ሁኔታ በሦስት አቅጣጫ ብቻ በሚኖር የኤሌክትሮን እፍጋት መግለጽ ይቻላል የሚል ነው። የኮንና ሻም እኩልታ መልኩ የሽሮዲንገር ነው፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ሌሎቹ በአንድነት በፈጠሩት ፖቴንሻል ውስጥ ብቻውን እንደሚንቀሳቀስ ተደርጎ ይሰላል። ኮን ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጥቶታል። ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚፈታውም ይህን እኩልታ ነው። ጥያቄያችሁ ስለ ክሪስታል፣ ስለ ፀሐይ ኃይል ቁስ ወይም ስለ ሞለኪውል ከሆነ ምርጫችሁ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በተለመዱት ቀላል ግምቶች ሲሰላ የኢነርጂ ክፍተት፣ ማለትም በቁሱ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሊይዙት የማይችሉት የኢነርጂ ስፋት፣ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ለምሳሌ የሲሊከን ክፍተት በልኬት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሆን ስሌቱ ግማሹን ያህል ይሰጣል። ይህን ቁጥር አይታችሁ ኮዱ ተበላሽቷል አትበሉ፤ ለጽሑፋችሁ መደምደሚያም አታድርጉት። ሁለተኛው፣ ይህን ዘዴ ለአንድ ኤሌክትሮን አትጠቀሙበት። ግምቶቹ ኤሌክትሮኑ ራሱን በራሱ እንዲገፋ ስለሚያደርጉ፣ በአንድ ኤሌክትሮን ላይ ተራው የሽሮዲንገር እኩልታ ይበልጠዋል።

3. ፍጥነቱን መዝኑ

የኤሌክትሮን የዕረፍት ኢነርጂ 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የሁሉም ነገር መለኪያ ይህ ቁጥር ነው። ነጻ ሆኖ ለሚበር ኤሌክትሮን አንድ አጭር ሕግ ያዙ፦ ካይኔቲክ ኢነርጂውን ለ511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አራት እጥፍ፣ ማለትም ለ2,044 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር አንጻራዊነትን ብትተዉ በሞገድ ርዝመቱ ላይ የምትፈጽሙት ስህተት ነው። ለ10 ኤሌክትሮን ቮልት ስህተቱ ከመቶ ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። አንድ በመቶ የሚደርሰው 20 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። በ200 ኪሎ ቮልት የሚሠራ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ኤሌክትሮኑ በብርሃን ፍጥነት 0.695 እጥፍ ስለሚጓዝ የሞገድ ርዝመቱ 2.51 ፒኮ ሜትር ነው፤ ያለ አንጻራዊነት ብታሰሉት 2.74 ታገኛላችሁ። ወደ ዘጠኝ በመቶ የሚጠጋ ስህተት ነው፤ ሊታለፍ አይችልም።

ይህን ያየ ተማሪ ወዲያው ወደ ዲራክ ይሮጣል። ሳይቸኩል ይመልከተው። በማይክሮስኮፕ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ፊት ብቻ ይጓዛሉ ማለት ይቻላል፣ ስፒናቸውም በምስሉ ላይ የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው። ስለዚህ በመስኩ የተለመደው አሠራር የሽሮዲንገርን እኩልታ ይዞ መጠነ ቁሱንና የሞገድ ርዝመቱን ብቻ በአንጻራዊነት ማረም ነው። ሁለት ቁጥሮች ይቀየራሉ፤ ኮዱ ያው ነው።

በአቶም ውስጥ ለታሰረ ኤሌክትሮን ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ለኒውክለስ በጣም የቀረበው ኤሌክትሮን ፍጥነት በብርሃን ፍጥነት ሲመዘን፣ አቶማዊ ቁጥሩ ለ137 ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ሃይድሮጅን 0.007፣ ካርቦን 0.04፣ ወርቅ ግን 79 ለ137 ተካፍሎ 0.58። የወርቅ ቢጫ ቀለም ከዚህ ፍጥነት የመጣ ነው፤ አንጻራዊነት አንዱን የውጭ ምሕዋር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሌላውን ወደ ውጭ ይለቃል፤ በመካከላቸው ያለው የኢነርጂ ልዩነት ስለሚጠብ ወርቅ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ያለ አንጻራዊነት የተሰላ ወርቅ እንደ ብር ነጭ በሆነ ነበር።

ይሁንና ወርቅን ለማስላትም ሙሉውን የዲራክ እኩልታ በክሪስታሉ ላይ መፍታት አያስፈልጋችሁም። የዲራክ እኩልታ ለነጠላው አቶም አንድ ጊዜ ይፈታል፤ ውጤቱ የውስጥ ኤሌክትሮኖችን በሚተካው ሐሰተኛ ፖቴንሻል ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ኳንተም ኤስፕሬሶ ላይ እንደዚህ ያሉ ፋይሎች በሁለት ዓይነት ይገኛሉ፦ የስፒንና የምሕዋር ትስስርን (ስፒኑ ከኤሌክትሮኑ የምሕዋር እንቅስቃሴ ጋር ያለውን ግንኙነት) የተዉና እርሱንም የያዙ። ለሲሊከንና ለካርቦን የመጀመሪያው ይበቃል። ለቢስመት፣ ለእርሳስና ለወርቅ የኢነርጂ መስመሮች መሰንጠቅ ጉዳያችሁ ከሆነ ሁለተኛውን ውሰዱ።

4. ስፒን ሥራ አለው ወይ?

የፓውሊ እኩልታ እ.ኤ.አ. በ1927 የመጣ ነው። የሽሮዲንገርን ፋንክሽን ሁለት ክፍል ያደርገዋል፦ አንዱ ስፒኑ ወደ ላይ ለሆነ፣ ሌላው ወደ ታች ለሆነ። ማግኔታዊ መስክ ባለበት ሥራ ሁሉ ይህን መምረጥ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አያስፈልግም። መስኩ በሁሉም ቦታ አቅጣጫው አንድ ከሆነና የስፒንና የምሕዋር ትስስር ከሌለ ሁለቱ ክፍሎች ፈጽሞ አይገናኙም። የሽሮዲንገርን እኩልታ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ፖቴንሻሎች ማስላት ማለት ነው። የፓውሊ እኩልታ ዋጋውን የሚያገኘው የመስኩ አቅጣጫ ከቦታ ቦታ ወይም ከጊዜ ጊዜ ሲዞር፣ ወይም ትስስሩ ራሱ ጥያቄው ሲሆን ነው።

መጠኑንም እዩት። 1 ቴስላ መስክ ሁለቱን ስፒኖች የሚለያያቸው በ0.000116 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በክፍል ሙቀት የሚገኘው የሙቀት ኢነርጂ 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። መስኩ በኤሌክትሮኑ መንገድ ላይ የሚያመጣው ጥምዘዛ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ በሽሮዲንገር እኩልታ ውስጥም ስላለ ስፒን ተተወ ተብሎ አብሮ እንዳይተው።

5. ዲራክ የግድ ሲሆን

በመንገዳችሁ ላይ የክላይንና ጎርደን እኩልታ ይገጥማችኋል። እ.ኤ.አ. የ1926 ሥራ ነው፣ አንጻራዊነትን ይጠብቃል፣ ከዲራክም ይቀልላል። ለኤሌክትሮን ግን አይሆንም፤ ስፒን የሌላቸው እንደ ፓየን ያሉ ቅንጣቶች እኩልታ ነው፣ የሃይድሮጅንንም ጥቃቅን የኢነርጂ ክፍፍል ያሳስታል። እለፉት።

ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው እኩልታ አራት ክፍሎች አሉት፤ ስፒን ከውስጡ በራሱ ይወጣል፣ አሉታዊ ኢነርጂ ያላቸው መፍትሔዎቹም ከአራት ዓመት በኋላ የተገኘውን ፖዚትሮን ቀድመው የጠቆሙ ናቸው። ውበቱን የሚክድ የለም። በጊዜ ሂደት ሲፈታ ግን ኮምፒውተሩ ሊከተለው የሚገባው ንዝረት በአዎንታዊውና በአሉታዊው ኢነርጂ መካከል ካለው ከ1.022 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት የሚመጣ ነው። ይህ ንዝረት ከተለመደው የአቶም ጊዜ፣ ማለትም ከ24 አቶ ሰከንድ (አንድ አቶ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ ነው)፣ 37,558 ጊዜ ያጠረ ጊዜ ይጠይቃል። ይህ ቁጥር የ137.036 ካሬ ሁለት እጥፍ ነው። በሽሮዲንገር አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ በዲራክ ሳምንታት ሊወስድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋው ይህ ብቻ አይደለም። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ነጥቦችን ልዩነት ወስዳችሁ ዲራክን በፍርግርግ ላይ ካስቀመጣችሁት በጥያቄው ውስጥ የሌለ ተጨማሪ ኤሌክትሮን ይወለድባችኋል፤ ከፍርግርጉ አጭር ሞገዶች የሚመጣ መንትያ ነው። የፎሪየር ዘዴ (ፋንክሽኑን ወደ ተናጠል ሞገዶች ለይቶ የሚያሰላው) ወይም ክፍሎቹን በተፈናቀሉ ነጥቦች ላይ ማስቀመጥ ከዚህ ያድናል። የጀመራችሁበትንም የሞገድ ጥቅል፣ ማለትም በአንድ ቦታ የተሰበሰበውን ሞገድ፣ ከአሉታዊ ኢነርጂዎች ማጽዳት አለባችሁ፤ ካልጸዳ ጥቅሉ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡንም ፊዚክስ ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ታዲያ መቼ ይመረጥ? ኤሌክትሮኑ ወደ ብርሃን ፍጥነት ቀርቦ አቅጣጫውና ስፒኑ አብረው ሲለዋወጡ፤ ፖቴንሻሉ በአጭር ርቀት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሲዘልል፤ የከባድ አቶም የውስጥ ኤሌክትሮን በቀጥታ ሲጠና። ቅንጣቶች የሚወለዱበትና የሚጠፉበት ሁኔታ ከሆነ ደግሞ የአንድ ኤሌክትሮን ዲራክም አይበቃም፤ ወደ መስክ ንድፈ ሐሳብ መሻገር ነው።

ዲራክን የሚወድ ተማሪ ካለ በደስታ የምመራው ወደ ግራፊን ነው። በዚህ አንድ አቶም ውፍረት ብቻ ባለው የካርቦን ንጣፍ ውስጥ ዝቅተኛ ኢነርጂ ያላቸው ኤሌክትሮኖች ሁለት ክፍል ያለው፣ መጠነ ቁስ የሌለው የዲራክ እኩልታን ይከተላሉ። በብርሃን ፍጥነት ቦታ የሚገባው በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ገደማ፣ ማለትም የብርሃን አንድ ሦስት መቶኛ ነው። ያ ግዙፍ የኢነርጂ ክፍተት ስለሌለ የጊዜው እርምጃ አያስጨንቅም፤ በላፕቶፕ የሚያልቅ እውነተኛ የዲራክ ሥራ ነው። ከመንትያው መጠንቀቅ ግን እዚህም አይቀርም።

6. እኩልታውን ወደ ፍርግርግ አውርዱ

ከላይ የጻፍነውን የግድግዳ ጥያቄ እንውሰድ። ኤሌክትሮኑ አንድ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ መስክ የለም፤ ሽሮዲንገር ነው። የሞገድ ርዝመቱ 0.388 ናኖ ሜትር ነው። ለሞገዱ ብቻ ቢሆን በአንድ ርዝመት አሥር ነጥቦች በበቁ፤ ግድግዳው ግን 0.2 ናኖ ሜትር ስለሆነ ፍርግርጉን ወደ 0.02 ናኖ ሜትር አጥብቡት። 4,096 ነጥቦች ወደ 82 ናኖ ሜትር የሚጠጋ ሜዳ ይሰጣሉ። በዚህ ፍርግርግ ላይ ሊኖር የሚችለው ትልቁ ካይኔቲክ ኢነርጂ 940 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ የጊዜው እርምጃ ይህን መከተል ስላለበት ከ2 አቶ ሰከንድ በታች፣ ለምሳሌ 1 አቶ ሰከንድ ይሁን።

ቀላሉን የኦይለር ዘዴ፣ ማለትም አሁን ባለው ዋጋ ላይ ለውጡን መደመርን፣ በፍጹም አትጠቀሙ። እርምጃው የቱንም ያህል ቢያጥር ጠቅላላው የመሆን ዕድል በየእርምጃው እያደገ ይሄዳል። ሁለት ጥሩ ምርጫዎች አሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1947 የታተመው የክራንክና ኒኮልሰን ዘዴ፣ ወይም ፖቴንሻሉንና ካይኔቲክ ኢነርጂውን ለይቶ በፈጣን የፎሪየር ለውጥ እየተመላለሰ የሚያሰላው ዘዴ። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የፖቴንሻሉን ግማሽ እርምጃ አባዙ፣ ወደ ሞገድ ቁጥር ተሻገሩ፣ ሙሉውን የካይኔቲክ እርምጃ አባዙ፣ ተመለሱ፣ የቀረውን የፖቴንሻል ግማሽ አባዙ። በፓይተን ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ግድግዳውን ከማስገባታችሁ በፊት በባዶ ሜዳ ሞክሩት። ስፋቱ (የመገኘት ዕድሉ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) 1 ናኖ ሜትር የሆነ የጋውስ ጥቅል በ10 ኤሌክትሮን ቮልት ልቀቁ። ከ20 ፌምቶ ሰከንድ (20,000 አቶ ሰከንድ) በኋላ 37.5 ናኖ ሜትር መጓዝ፣ ስፋቱም 1.53 ናኖ ሜትር መሆን አለበት። ጠቅላላው የመሆን ዕድል እስከ ብዙ አሥርዮሽ ቤት ድረስ 1 ሆኖ መቆየት አለበት። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንዱ ከሳተ ወደ ፊት አትሂዱ።

አሁን ግድግዳውን አስገቡ። ለአንድ ወጥ ሞገድ በወረቀት የሚሰላው የማለፍ ዕድል 12.1 በመቶ ነው። ጠባቡ ጥቅል ግን በውስጡ ብዙ ኢነርጂዎችን ስለያዘ ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ ስፋቱን ወደ 4 ናኖ ሜትር ስታሳድጉ ወደ ወረቀቱ መልስ ሲጠጋ ታያላችሁ። ጥቅሉ የሜዳውን ጫፍ ነክቶ በሌላው በኩል እንዳይመለስ ስሌቱን ቀድማችሁ አቁሙ፣ ወይም ጫፎቹ ላይ ሞገድ የሚውጥ ፖቴንሻል አኑሩ። በመጨረሻም የፍርግርጉን እርምጃ በግማሽ፣ የጊዜውን ደግሞ ወደ ሩብ ቀንሳችሁ ድገሙት። ጊዜው ለአራት የሚካፈለው ትንሹ ፍርግርግ ከቀድሞው አራት እጥፍ ያጠረ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። መልሱ ከጻፋችሁት የስህተት ልክ በላይ ከተንቀሳቀሰ አላለቀም።

7. መብራትና ሙቀት

ረጅም ስሌት በመብራት መቋረጥ መጥፋት የለበትም። በየተወሰነ እርምጃው የሞገድ ፋንክሽኑን፣ ሰዓቱንና የፖቴንሻሉን ቅንብር ወደ ዲስክ ጻፉ። በቀድሞው ፋይል ላይ በቀጥታ አትጻፉ፤ በሌላ ስም ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ስሙን ቀይሩት፤ መብራቱ በመጻፍ ላይ እያለ ቢጠፋ አሮጌው ይተርፋል። ኳንተም ኤስፕሬሶ የሥራ ጊዜን ገድቦ በሥርዓት የሚያቆምና ካቆመበት የሚቀጥል ቅንብር አለው፤ ሌሊት ለሚተው ሥራ ተጠቀሙበት። የደብረ ብርሃን ብርድ ለላፕቶፕ ደግ ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ማሽኑ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ ከባዱን ስሌት ለሌሊት አቆዩት፣ የአየር መውጫውንም ከጨርቅና ከፍራሽ አርቁ።